የደህንነት ካሜራን ከውጭ ሆኖ ለማየት በራውተር ላይ ፖርት አከፋፈት፦ ከሀ እስከ ፐ

ቤት ውስጥ ዋይፋይ ላይ ሳላችሁ ካሜራው በስልካችሁ ጥርት ብሎ ይታያል። ከበር ወጥታችሁ ሞባይል ዳታ ስታበሩ ግን «ኦፍላይን» ይላል፣ ወይም ክቧ እየዞረች ትቀራለች። ካሜራው አልተበላሸም፤ ኢንተርኔቱም አልተቋረጠም። መንገዱን የዘጋው ራውተሩ ነው፤ መዝጋቱም ሥራው ነው።

ራውተር እንደ ጥብቅ የግቢ ዘበኛ ነው። ከውስጥ የሚወጣውን ሁሉ ይመዘግባል፤ መልስ ሲመጣም መዝገቡን አይቶ ለጠየቀው ያደርሳል። ሳይጠራ መጥቶ የሚያንኳኳውን ግን ማንን ፈልጎ እንደመጣ ስለማያውቅ አያስገባውም። ይህ አሠራር ናት ይባላል። ፖርት ደግሞ መሣሪያ የሚያዳምጥበት ቁጥር ያለው በር ነው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ለዘበኛው «በ41877 ቁጥር የሚያንኳኳ ከመጣ 192.168.1.50 ጋ ላከው» የሚል ቋሚ ትእዛዝ መስጠት ነው። ትእዛዙን መጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ቀኑን የሚበላው ከዚያ በፊት መስተካከል የነበረበት ነገር ሳይስተካከል ሲታለፍ ነው፤ ስለዚህ ወደ ራውተሩ ሰንጠረዥ የምንደርሰው ዘግየት ብለን ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ግን ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አስቡበት። አብዛኞቹ የአሁን ካሜራዎች ኪውአር ኮድ ስካን ሲደረግ በአምራቹ ሰርቨር በኩል የሚያገናኝ ፒቱፒ አላቸው። በእሱ ያለችግር የምታዩ ከሆነ ፖርት የምትከፍቱበት ምክንያት የለም። ፖርት መክፈት የሚመጣው በአምራቹ ሰርቨር ላይ መንጠልጠል ሳትፈልጉ ስትቀሩ፣ ፒቱፒው ሲዘገይና ሲቆራረጥ፣ መሣሪያው አሮጌ ሲሆን፣ ወይም ሌላ ቦታ ያለ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ምስሉን በቀጥታ መውሰድ ሲኖርበት ነው።

ፐብሊክ አይፒ አላችሁ ወይ?

ፐብሊክ አይፒ ማለት ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ ነው። ይህ ካልተሟላ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

በኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ በሁዋዌይ የፋይበር ሞደሞች 192.168.100.1፣ በሲም ራውተሮቹ ደግሞ 192.168.8.1 የተለመደ ነው። ካልታወቃችሁ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ገብታችሁ «ስታተስ» ወይም «ዋን ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ክፈቱና ዋን አይፒ (ራውተሩ በውጭ በኩል የያዘው አድራሻ) የሚለውን ቁጥር ጻፉት። ከዚያ ከዚያው ኢንተርኔት ሳትወጡ፣ ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ ቦታ በኩል የሚያዞር የተመሰጠረ መስመር) ካለም አጥፍታችሁ፣ የራስን አይፒ ከሚያሳዩ ድረ ገጾች አንዱን ክፈቱ። የሚያሳየውን ቁጥር ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጡት።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ፐብሊክ አይፒ አላችሁ፤ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከተለያዩ የዋን አይፒውን አነሳስ ተመልከቱ።

ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ አቅራቢው አንድን ፐብሊክ አይፒ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው። ይህ ሲጂናት ይባላል፤ የአድራሻ ክልሉም እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ተብሎ የተመደበ ነው። እዚህ ላይ ራውተራችሁ ላይ የምትጽፉት ትእዛዝ ምንም አይጠቅምም፤ ምክንያቱም ከውጭ የመጣው የሚቆመው በአቅራቢው ትልቅ ራውተር ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ትእዛዝ የመጻፍ ሥልጣን የላችሁም። በሲም የሚሠሩ ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው።

በ10፣ በ192.168፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው የሚጀምር ከሆነ ግን ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ወይ አቅራቢው ራሱ የውስጥ አድራሻ ሰጥቷችኋል፣ ወይ ከራውተራችሁ ፊት ሌላ ራውተር አለ። ገመዱን ተከትላችሁ ሂዱ። ከራውተራችሁ ዋን ቀዳዳ የወጣው ገመድ ሌላ የሚያበራ ሳጥን ላይ ከተሰካ፣ ያ ሳጥን ራውተር የሆነ ሞደም ሊሆን ይችላል። እሱ ውስጥም ገብታችሁ ዋን አይፒውን እዩ።

መፍትሔው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ሲጂናት ከሆነ አቅራቢውን ደውላችሁ ፐብሊክ አይፒ ጠይቁ። «ስታቲክ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የሚቀያየር ፐብሊክ አይፒም ይበቃችኋል፣ የሚቀያየረውን እንዴት እንደምንይዘው ወደታች አለ። ሁለት ራውተር ከሆነ የተሻለው ሞደሙን ወደ ብሪጅ ሞድ ማዞር ነው፤ ያኔ ፐብሊክ አይፒው በቀጥታ ወደ ራውተራችሁ ይመጣል። ብሪጅ ማድረግ ካልተቻለ ትእዛዙን ሁለቱም ላይ መጻፍ አለባችሁ፦ ሞደሙ ወደ ራውተራችሁ፣ ራውተራችሁ ወደ መሣሪያው። ከሁለቱ አንዱን ረስተው ሲለፉ የሚውሉ ብዙ ናቸው።

የት ነው የምትልኩት?

ካሜራዎቹ በኤንቪአር ወይም በዲቪአር፣ ማለትም በመቅጃ ሳጥን፣ የሚቀረጹ ከሆነ ፖርት የሚከፈተው ለመቅጃው ብቻ ነው። ስምንት ካሜራ ስላላችሁ ስምንት በር አትከፍቱም፤ በመቅጃው በኩል ስምንቱም ይታያሉ። በተለይ ካሜራዎቹ ኤንቪአሩ ጀርባ ላይ ባሉት የፒኦኢ (መረጃና ኃይል በአንድ ገመድ የሚያስተላልፉ) ቀዳዳዎች ከተሰኩ በሌላ የተደበቀ ኔትወርክ ውስጥ ስለሆኑ ራውተሩ ጨርሶ አያያቸውም። የካሜራውን አይፒ ኤንቪአሩ ላይ አይቶ እዚያ ለመላክ መሞከር ዋጋ የለውም።

መቅጃ ከሌለና ካሜራዎቹ ለየብቻ ራውተሩ ላይ ካሉ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የውጭ ቁጥር ይፈልጋሉ፦ 41877 ለመጀመሪያው፣ 41878 ለሁለተኛው። አንድ የውጭ ፖርት ለሁለት መሣሪያ አይላክም።

አድራሻው እንዳይቀየር ማሰር

ራውተሩ ለመሣሪያዎች አይፒ የሚያድለው በዲኤችሲፒ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መቅጃው ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፤ ያኔ ትእዛዛችሁ ወደ ማንም ስልክ ወይም ወደ ባዶ ቦታ ይልካል። «ትናንት ይሠራ ነበር» ከሚባለው ቅሬታ የሚበዛው ከዚህ ይመጣል።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ራውተሩ ላይ የመሣሪያውን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠውን መለያ ቁጥር) መዝግቦ ሁልጊዜ ያንኑ አይፒ እንዲሰጠው ማድረግ ነው፤ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» ወይም «ስታቲክ ዲኤችሲፒ» በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ራውተራችሁ ይህ ካለው ምረጡት፣ ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ላይ ስለሚታይ። ሌላው መቅጃው ላይ ገብቶ በእጅ መጻፍ ነው፦

አይፒ፦ 192.168.1.50
ሰብኔት ማስክ፦ 255.255.255.0
ጌትዌይ፦ 192.168.1.1
ዲኤንኤስ፦ 192.168.1.1 ወይም 8.8.8.8

በእጅ ስትጽፉ የመረጣችሁት ቁጥር ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን። ራውተሩ ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ 50 ደህና ነው። ክልሉ ከ2 እስከ 254 ከሆነ መጀመሪያ አጥብቡት፤ አለዚያ አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ ዋይፋይ ሲገባ ስልኩ ያንኑ ቁጥር ያገኝና ሁለቱ ይጋጫሉ። ግጭቱ የሚታወቀው ካሜራው አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ሲያስቸግር ነው።

ጌትዌይ የሚለውን መስመር፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚያወጣውን የራውተሩን አድራሻ፣ ደግሞ ሁለቴ እዩት። ጌትዌዩ ስህተት ወይም ባዶ ቢሆን እንኳ ከቤት ውስጥ ካሜራው ያለእንከን ይታያል፤ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ለመነጋገር ጌትዌይ አያስፈልጋቸውም። ከውጭ የመጣው ጥያቄም በትክክል መቅጃው ጋ ይደርሳል። መቅጃው ግን መልሱን በየት በኩል እንደሚያወጣ አያውቅም። ከውጭ ላላችሁት የሚታየው «ኮኔክሽን ታይምአውት» ብቻ ነው፤ ራውተሩን ሃያ ጊዜ ብትነካኩትም አይለወጥም። ብዙ መቅጃዎች ከፋብሪካ የሚመጡት በራሳቸው ቋሚ አድራሻ ነው፤ ለምሳሌ ዳሁዋ በ192.168.1.108። የቤታችሁ ራውተር 192.168.0.1 ሆኖ ሳለ አይፒውን ብቻ ቀይራችሁ ጌትዌዩን 192.168.1.1 እንዳለ ከተዋችሁት የሚገጥማችሁ ይኸው ነው።

በሩ ሳይከፈት ቁልፉን ማጥበቅ

የከፈታችሁት ፖርት ለእናንተ ብቻ አይታይም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ዚማፕ የተባለ መሣሪያ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ጊጋቢት መስመር የዓለምን የአይፒቪ4 አድራሻ በሙሉ በአንድ ፖርት ላይ አንኳኩቶ ለመጨረስ 45 ደቂቃ አይሞላውም። ሾዳን የሚባለው የፍለጋ ድረ ገጽ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆነው ያገኛቸውን መሣሪያዎች ከነዓይነታቸው ዘርዝሮ ያስቀምጣል። «እኔን ማን ያውቀኛል» የሚለው አያዋጣም፤ የሚያንኳኳው ሮቦት ነው፣ ማንነታችሁ አያሳስበውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎች፣ ዲቪአሮችና ራውተሮች ውስጥ የገባው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም። 60 የሚያህሉ የፋብሪካ ዩዘርኔምና ፓስወርዶችን በቴልኔት (መሣሪያን ከሩቅ በጽሑፍ ማዘዣ መንገድ)፣ ማለትም በፖርት 23 እና 2323፣ እየሞከረ ነበር የሚገባው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉም አገልግሎት) ድርጅት አጥለቅልቆ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አድርጓል። ጠንካራ ፓስወርድ ብቻውንም አይበቃም፦ በ2021 በሂክቪዥን መሣሪያዎች ላይ የተገለጠው ሲቪኢ-2021-36260 የተባለ ቀዳዳ ፓስወርድ ሳያስፈልግ በድረ ገጽ ፖርቱ በኩል ትእዛዝ ለማስፈጸም የሚያስችል ነበር። የዘጋው የፈርምዌር፣ ማለትም የመሣሪያው የውስጥ ሶፍትዌር፣ ማሻሻያ ነው።

ስለዚህ ፖርት ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን ጨርሱ።

ፈርምዌሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ አድሱ። የሞዴሉ ቁጥር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት፤ የሌላ ሞዴል ፈርምዌር መሣሪያውን ድንጋይ ያደርገዋል። በሚታደስበት ጊዜ መብራት እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። አምራቹ ማሻሻያ ማውጣት ያቆመለት አሮጌ መሣሪያ ከሆነ በቀጥታ ፖርት አትክፈቱለት፤ ወደ መጨረሻው የቪፒኤን ክፍል ሂዱ።

የአድሚን ፓስወርዱን ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር አድርጉ፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት ይሁን። ለስልኮቹ ደግሞ ሌላ ተጠቃሚ ፍጠሩ፤ ማየትና የተቀረጸውን መልሶ ማጫወት ብቻ የተፈቀደለት። ስልክ ሲጠፋ አንዱን ተጠቃሚ ሰርዞ መገላገል ይቻላል።

ቴልኔትና ኤስኤስኤች መሣሪያው ላይ ካሉ አጥፉ። ዩፒኤንፒንም ከመቅጃውም ከራውተሩም ላይ አጥፉ። ዩፒኤንፒ መሣሪያው ራሱ ለራሱ በር እንዲከፍት የሚፈቅድ ነው፤ እናንተ አንድ በር ስትከፍቱ እሱ ሌላ አምስት ሊከፍት ይችላል። የመቅጃውን ሰዓት በኤንቲፒ (ሰዓትን ከኢንተርኔት በሚወስደው ቅንብር) አስተካክሉ፤ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየው ሎግ በተሳሳተ ሰዓት ከተጻፈ ምንም አይነግራችሁም።

የትኛው ፖርት?

አንድ መቅጃ ብዙ ፖርት አለው፤ የምትፈልጉት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው። መቅጃው ላይ «ኔትወርክ» ውስጥ «ፖርት» ወይም «ኮኔክሽን» የሚለውን ብትከፍቱ ዝርዝራቸውን ታያላችሁ።

በአምራቹ አፕ ለማየት የሚያስፈልገው የመረጃ ፖርቱ ነው፦ በዳሁዋ ቲሲፒ (መረጃ የሚላክበት አንዱ ስልት፤ ሌላው ዩዲፒ ነው) 37777፣ በሂክቪዥን ቲሲፒ 8000፣ ኤክስኤምአይ በተባለው አፕ በሚሠሩት ርካሽ ዲቪአሮች ቲሲፒ 34567። ለስልክ አፕ ይህ አንዱ ይበቃል። በሌሎች ስም የሚሸጡ ብዙ መሣሪያዎችም ውስጣቸው ከእነዚህ የአንዱ ስለሆነ የፖርት ቁጥሩ ያስታውቅባቸዋል።

ኤችቲቲፒ 80 በብሮውዘር የሚገባበት ገጽ ነው። ለውጭ አትክፈቱት። ብዙዎቹ ቀዳዳዎች የተገኙት በዚህ ገጽ ላይ ነው፤ በመስመሩ የሚያልፈውም ያልተመሰጠረ ነው። በብሮውዘር መግባት ግድ ከሆነ ኤችቲቲፒኤስን፣ ማለትም 443ን ተጠቀሙ።

አርቲኤስፒ 554 ምስሉን ለሌላ ሶፍትዌር ለመስጠት ነው። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ከሌላችሁ ዝጉት። ካላችሁ ደግሞ ሶፍትዌሩ ላይ ትራንስፖርቱን ቲሲፒ አድርጉ። በዩዲፒ ከሆነ ምስሉ የሚመጣው በ554 ሳይሆን በየጊዜው በሚመረጡ ሌሎች ፖርቶች ነው፤ መግባቱ ተሳክቶ ምስል ሳይመጣ ይቀራል። ምስሉ በተለመደው አርቲኤስፒ ሳይመሰጠር እንደሚያልፍም እወቁ።

ትእዛዙን መጻፍ

አሁን ወደ ራውተሩ ተመለሱ። ቦታው እንደየአምራቹ ስሙ ይለያያል። በቲፒ-ሊንክ «ናት ፎርዋርዲንግ» ውስጥ «ቨርቹዋል ሰርቨር»፣ በሁዋዌይ ሞደሞች «ፎርዋርድ ሩልስ» ውስጥ «ፖርት ማፒንግ»፣ በዜድቲኢ ብዙ ጊዜ «አፕሊኬሽን» ውስጥ «ፖርት ፎርዋርዲንግ» ነው። «ፖርት ትሪገሪንግ» የሚል ብታገኙ አትንኩት፤ እሱ ከውስጥ የሆነ ነገር ሲወጣ ብቻ ለጊዜው የሚከፍት ሌላ ነገር ነው። «ዲኤምዜድ» የሚለውንም ተዉት፤ የመሣሪያውን 65 ሺህ በር በአንዴ ወለል አድርጎ ይከፍታል። አንዳንድ ጫኚዎች ለመገላገል የሚያደርጉት እሱን ነው።

አዲስ መስመር ጨምራችሁ እንዲህ ሙሉ፦

ስም፦ ካሜራ
ዋን ኢንተርፌስ፦ ኢንተርኔት የሚመጣበት
ፕሮቶኮል፦ ቲሲፒ
የውጭ ፖርት፦ 41877
የውስጥ አይፒ፦ 192.168.1.50
የውስጥ ፖርት፦ 37777

የውጭው ቁጥር ከውስጡ የተለየው ሆን ተብሎ ነው። ሮቦቶቹ ቀድመው የሚያንኳኩት የታወቁትን ቁጥሮች ነው፤ በቀየራችሁት መጠን ሎጋችሁ ጸጥ ይላል። ይህ መደበቅ እንጂ መቆለፍ አይደለም፣ የላይኛውን ሥራ አይተካም። ከ20000 በላይ የሆነ ማንኛውም ቁጥር እስከ 65535 ይሆናል። 80ን ወይም 443ን ለውጭ ብትጠቀሙ ግን ወይ አቅራቢው ዘግቶት ይሆናል፣ ወይ ከራውተሩ የራሱ የርቀት መቆጣጠሪያ ገጽ ጋር ይጋጫል፤ ካሜራ ስትጠብቁ የራውተሩ መግቢያ ብቅ ይላል።

የውጭ ፖርት በ«ከ» እና በ«እስከ» ሁለት ሳጥን ከተጠየቃችሁ በሁለቱም 41877 ጻፉ።

አንድ ሳጥን ግን ብዙ ሰው ያስታል። በአንዳንድ ራውተሮች፣ በሁዋዌይ ሞደሞች በተለይ፣ «ኤክስተርናል ሶርስ ፖርት» የሚል አለ። ባዶ ተዉት። እሱ የጠያቂው፣ ማለትም የስልካችሁ የመነሻ ፖርት ነው፤ ስልኩ በየጊዜው በዘፈቀደ የሚመርጠው ስለሆነ ቁጥር ከጻፋችሁበት ትእዛዙ ከማንም ጋር አይገጥምም። «ሶርስ አይፒ» የሚለው ግን የተለየ ነው፦ ሁልጊዜ ከአንድ ቋሚ አይፒ ካለው ቦታ ብቻ የምታዩ ከሆነ ያንን አይፒ እዚያ ብትጽፉ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ በሩን እንኳ አያገኘውም። ከሞባይል ዳታ ለማየት ግን አይሆንም።

ዋን ኢንተርፌስ ሲመረጥ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ሦስት ስም ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ለአቅራቢው የርቀት ጥገና፣ አንዱ ለስልክ ወይም ለቲቪ። «ኢንተርኔት» የሚል ቃል ያለበትን ምረጡ፣ ወይም ስታተስ ገጽ ላይ ፐብሊክ አይፒው የትኛው ስም ሥር እንዳለ አይታችሁ ያንን።

ማይክሮቲክ ራውተር ላላችሁ፦ «አይፒ»፣ «ፋየርዎል»፣ «ናት» ገብታችሁ ቼይኑን ዲኤስቲ-ናት፣ ፕሮቶኮሉን ቲሲፒ፣ የመድረሻ ፖርቱን 41877፣ አክሽኑን ዲኤስቲ-ናት አድርጉና የውስጥ አይፒውንና 37777ን ጻፉ። «ኢን ኢንተርፌስ» ላይ ዋኑን መምረጥ አትርሱ። ሳትመርጡ 443ን ብትልኩ ከቤታችሁ ወደ ውጭ የሚወጣው የኤችቲቲፒኤስ ትራፊክ ሁሉ ወደ ካሜራው ተጠልፎ ኢንተርኔቱ የጠፋ ይመስላችኋል።

ሴቭ ወይም አፕላይ በሉ፤ ከዚያ ገጹን ከፍታችሁ መስመሩ መኖሩንና «ኢነብል» መሆኑን እዩ። አንዳንድ ራውተር ሪስታርት እስኪደረግ ትእዛዙን አይቀበልም።

መሞከር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ

በአንዴ ከውጭ አትሞክሩ። መጀመሪያ ቤት ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ አፑ ላይ መሣሪያውን በ192.168.1.50 እና በ37777 አስገቡ። ይህ ካልሠራ ችግሩ መቅጃው ላይ ነው፣ ከራውተሩ ጋር አይገናኝም። ከሠራ የስልኩን ዋይፋይ አጥፉ፣ ሞባይል ዳታ አብሩ፣ አሁን በፐብሊክ አይፒው እና በ41877 ሌላ መሣሪያ አድርጋችሁ አስገቡ።

ዋይፋይ ሳያጠፉ በፐብሊክ አይፒው መሞከር የተለመደ ስህተት ነው። ከውስጥ ወጥቶ በራሱ የውጭ አድራሻ መመለስ ናት ሉፕባክ ይባላል፤ ብዙ ራውተር አይችለውም። ትእዛዙ ትክክል ሆኖ ሳለ አይሠራም ብላችሁ ልታፈርሱት ትችላላችሁ። ሉፕባክ የሌለው ራውተር ካላችሁ አፑ ላይ ሁለቱንም አስቀምጡ፦ «ካሜራ ቤት» እና «ካሜራ ውጭ»።

ካልተሳካ ፖርት መፈተሻ ድረ ገጽ ላይ 41877ን አስፈትሹ። መቅጃው በዚያ ሰዓት በርቶ መቆየት አለበት፤ የሚመልስ ከሌለ ክፍት ፖርትም ዝግ ይባላል። «ክፍት ነው» ካለ መንገዱ ጸድቷል፤ አፑ ላይ የጻፋችሁትን ፓስወርድና የመሣሪያ ዓይነት እዩ። «ሪፊውዝድ» ካለ አንድ መሣሪያ ደርሶታል ግን በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ የለም፦ የውስጥ ፖርቱ ተሳስቷል ወይም ሌላ መሣሪያ ጋ ሄዷል። «ታይምአውት» ካለ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል፦ ሲጂናት፣ ሁለተኛ ራውተር፣ የተሳሳተ ዋን ኢንተርፌስ፣ ወይም ያ ጌትዌይ።

የሚቀያየረውን አይፒ መያዝ

ስታቲክ ካልሆነ ፐብሊክ አይፒው ራውተሩ በተነሳ ቁጥር ሊቀየር ይችላል። ለዚህ ዲዲኤንኤስ አለ፦ አንድ ስም ትይዛላችሁ፣ አይፒው ሲቀየር መሣሪያችሁ ለስሙ አዲሱን ይነግረዋል፣ አፑ ላይም ከቁጥር ይልቅ ስሙን ትጽፋላችሁ። ኖ-አይፒ ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ ነፃው በየ30 ቀኑ «አሁንም እጠቀማለሁ» ብላችሁ እንድታረጋግጡ ይጠይቃል። ኢሜይሉን ችላ ካላችሁት ስሙ ይጠፋል። አገልግሎቱን ራውተሩ ላይ አስገቡት፤ አይፒው ሲቀየር መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው። ከፊቱ ሌላ ራውተር ካለ ግን ለዲዲኤንኤሱ የሚነግረው የራሱን የውስጥ አድራሻ ሊሆን ስለሚችል ስሙ ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚያመለክት አረጋግጡ።

የሚያጋጥሙ ሌሎች እንቅፋቶች

በብሮውዘር ስትገቡ መግቢያው ይከፈታል፣ ሜኑው ይታያል፣ ምስሉ ጥቁር ነው። ገጹ የመጣው በአንድ ፖርት ነው፤ ምስሉን ግን ብሮውዘሩ በሌላ ፖርት ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ አልተከፈተም። ተጨማሪ በር ከመክፈት ይልቅ በአፑ ማየት ይሻላል።

ምስሉ ይመጣል ግን ይንቀረፈፋል። ወደ ውጭ ስታዩ የሚሠራው የቤታችሁ የአፕሎድ ፍጥነት ነው። በኤች.264 (የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት) የ1080 ምስል ዋናው ስትሪም ብዙ ጊዜ ወደ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ይሞላል፤ አራት ካሜራ በአንዴ ስትከፍቱ 16 ሜጋቢት አፕሎድ ማለት ነው። ዳውንሎዳችሁ 50 ቢሆንም አፕሎዱ 5 ከሆነ አይበቃም። አራቱን በአንድ ላይ ስታዩ ሰብስትሪም (ጥራቱ ዝቅ ያለውን ሁለተኛ ስትሪም) ምረጡ፤ ለየካሜራው 512 ኪሎቢት አድርጉት፣ ድምሩ 2 ሜጋቢት ይሆናል። ኤች.265 የሚቻል ከሆነ ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ያህሉ ይበቃል።

ትክክለኛ ፓስወርድ እየጻፋችሁ «አካውንቱ ተቆልፏል» ይላል። ፓስወርድ ስትቀይሩ አሮጌው የተቀመጠበት ሌላ ስልክ ወይም ታብሌት ከበስተጀርባ እየሞከረ መቅጃውን እያስቆለፈው ሊሆን ይችላል። እሱን ፈልጋችሁ አስተካክሉ። የማታውቁት አይፒ ሎጉ ላይ ከታየ ግን የውጭ ፖርቱን ቀይሩ፣ ፓስወርዱንም።

ከሞባይል ዳታ ይሠራል፣ ከሥራ ቦታ ዋይፋይ አይሠራም። የዚያ ቦታ ኔትወርክ ያልተለመዱ ፖርቶችን ወደ ውጭ ስለማያሳልፍ ነው፤ የእናንተ ቅንብር ላይ ችግር የለም።

ከአንድ በር በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ፦ ቪፒኤን

መቅጃው አሮጌ ከሆነ፣ ወይም አርቲኤስፒም ብሮውዘርም አፕም በአንድነት ካስፈለጋችሁ፣ ለካሜራው ምንም ፖርት አትክፈቱ። ራውተራችሁ ዋየርጋርድ ወይም ኦፕንቪፒኤን የተባለ ቪፒኤን ካለው እሱን አብሩ። ዋየርጋርድ በተለምዶ ዩዲፒ 51820 ላይ ነው የሚሠራው፤ ቁልፍ ለሌለው አንኳኪ ጨርሶ መልስ አይሰጥም፣ ለፈታሹ ፖርቱ ያለም አይመስለው። ስልኩ ቁልፉን ይዞ ሲገባ ቤት እንዳለ ይቆጠራል፤ በ192.168.1.50 ሁሉም ነገር ይሠራል። ቪፒኤኑ ራውተሩ ራሱ ላይ ከሆነ ፎርዋርድ የሚደረግ ነገር የለም፤ ከራውተሩ ጀርባ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ያንን አንድ ፖርት ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ትልካላችሁ። ይህም ቢሆን ፐብሊክ አይፒ ይፈልጋል።

የቪፒኤን አንድ ወጥመድ አለው። የቤታችሁ ኔትወርክ 192.168.1 ሆኖ ያላችሁበት ሆቴል ወይም ቢሮም 192.168.1 ከሆነ፣ ስልኩ 192.168.1.50ን እዚያው አጠገቡ ይፈልገዋል፤ ቪፒኤኑ በርቶ ካሜራው አይገኝም። ቪፒኤን ከመጫናችሁ በፊት የቤቱን ኔትወርክ ብዙ ሰው ወደማይጠቀምበት፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.37፣ ቀይሩት። ከዚያ የመቅጃውን አይፒና ጌትዌይ አብራችሁ ማስተካከል ነው።

ሁሉም ሲሠራ የራውተሩን ቅንብር ባክአፕ አውርዱ፤ ድሮ ለተነሳ ካሜራ ወይም ለሙከራ የተጻፈ ትእዛዝ ካለ ሰርዙ። ከዚያ ራውተሩንም መቅጃውንም ከሶኬት ንቀሉ። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በአንዴ ሰኩ፣ ሁለቱም እስኪነሱ ሌላ አምስት ደቂቃ ስጡ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ክፈቱ። ምስሉ ከመጣ አድራሻው ታስሯል፣ ዲዲኤንኤሱ አዲሱን አይፒ ይዟል፣ ትእዛዙም ተቀምጧል። ካልመጣ መቅጃው 192.168.1.50 መሆኑን ከማየት ጀምሩ።